ከፈረሰ ቤት የወጣ የጽድና የዋንዛ እንጨት ለአዲስ ቤት ወለል ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የቢቸና ልጅ»፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ቢቸና አካባቢ የሚገኘው የአያቶቼ ቤት ግድግዳው ስላዘመመና ጣሪያው ስለተበሳሳ፣ ቤተ ዘመድ ተስማምቶ በመጪው ኅዳር ሊፈርስ ነው። ምሰሶዎቹና የግድግዳው ቋሚዎች አብዛኞቹ ጽድ ናቸው፤ በሮቹ፣ የመስኮት መዝጊያዎቹና የቆጡ ሳንቃዎች ዋንዛ ሲሆኑ፣ ጥቂት የዝግባ ጣውላም አለ። ወራሾቹ እንጨቱ ለማገዶ ከሚሸጥ እኔ ብወስደው እንደሚመርጡ ስለነገሩኝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለማሠራው ቤት ወለል ላውለው አስቤያለሁ።

አዲሱ ቤት የብሎኬት ነው። ከድንጋይ ሙሌት በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ተሞልቶ ሊሾ የተደረገው ነሐሴ ላይ ነበር። በእንጨት ማልበስ የምፈልገው 20 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ሳሎን ሲሆን፣ እንጨቱ ከተረፈ አንድ መኝታ ቤትም እጨምራለሁ።

የሚያሳስበኝ የእንጨቱ ሁኔታ ነው። ምሰሶዎቹ የምድጃ ጭስ ለዘመናት ስለጠጡ ጥቀርሻ ለብሰው ጠቁረዋል። አንዳንዶቹ ላይ ነቀዝ የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ክፍላቸው ደግሞ ለምስጥ መከላከያ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ነው። በሮቹ አረንጓዴ ቀለም በተደጋጋሚ ተቀብተዋል። እናቴ በበኩሏ «የእንጨት ወለል ለቁንጫና ለአይጥ መደበቂያ ነው፤ ሴራሚክ አንጥፍና ተገላገል» ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለወለል የሚበቃው የትኛው እንደሆነ፣ በሊሾ ላይስ እንዴት እንደሚነጠፍ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ «አናጺ»፣ ቡሬ

እንጨትዎ ለወለል ይሆናል፤ ሁሉም ግን አይሆንም። ቤቱን የሚያፈርሱት ሠራተኞች እንጨቱን እየወረወሩ ከመከመራቸው በፊት በየዓይነቱ እንዲለዩት ያድርጉ፤ አንድ ጊዜ ከተደባለቀና በጭቃ ከተለወሰ ጽዱን ከባሕር ዛፉ ለመለየት እንኳ እያንዳንዱን በመጥረቢያ ጫፍ መላጥ ሊኖርብዎት ነው።

ከሁሉም የሚያስተማምነው ጽዱ ነው። ጥቀርሻው አያስጨንቅዎ፤ ላይ ላዩን ያለ ስለሆነ በመላጊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሄዱበት ቀዩ ልቡ ይወጣል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። ልብ ሊሉት የሚገባው በዳር በኩል ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ነው። ነቀዙ የበሳው እሱን ከሆነ ቆርጠው ይጣሉት፤ ልቡን ነቀዝም ምስጥም እምብዛም አይደፍረውም። ከመሬት የተቀበረውንና ዘይት የተቀባውን ጫፍ ግን ሳይሳሱ ይቁረጡ። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ በመላግ አይጠራም፤ ማጣበቂያም ቫርኒሽም አይቀበልም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ሽታው ለጤና የሚስማማ አይደለም።

ዋንዛው ለመላግ የሚመች ቆንጆ እንጨት ቢሆንም ለስላሳ ነው። እንግዳ በሚበዛበት ሳሎን የወንበር እግርና የሴቶች ተረከዝ ምልክት ያሳርፍበታል። መኝታ ቤት ላይ ምንም አይልም፤ የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ግን የዋንዛ ሳንቃ ካገኘሁ ከእግር ሥር ከማነጥፈው ጠረጴዛ ብሠራበት እመርጣለሁ። ዝግባውን ለወለል አይቁጠሩት። ነቀዝ ይወደዋል፤ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። 20 ካሬ ሜትር ወለል በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሰላ 0.4 ሜትር ኩብ የተላገ እንጨት ይፈልጋል። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ድቡልቡል ምሰሶ በጠቅላላው 0.1 ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ድቡልቡሉን አራት ማዕዘን ሲያደርጉት፣ ነጩን ዳር ሲያነሱት፣ የበሰበሰውን ጫፍ ሲቆርጡትና መጋዙ ወደ ሰጋቱራ የሚለውጠው ሲቀነስ፣ ከእያንዳንዱ ምሰሶ 40 ከመቶ ካገኙ ደህና አገኙ ማለት ነው። ስለዚህ ለሳሎኑ ብቻ እንዲህ ያሉ 10 ወይም 11 ጤነኛ ምሰሶዎች ያስፈልጋሉ። ምሰሶዎቹን ሳይቆጥሩ መኝታ ቤቱን ተስፋ አያድርጉ።

ሌላው ምስማር ነው። መላጊያ ማሽን ያላቸው ሰዎች አሮጌ እንጨት ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት በክፋት አይደለም፤ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አንድ ምስማር የማሽኑን ምላጭ በቅጽበት ያበላሸዋል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥለው በእያንዳንዱ ምሰሶ ፊት ላይ በቀስታ ያሳልፉ፤ ማግኔቱ ባዘነበለበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው በመሮ ዙሪያውን እየቆፈሩ በጉጠት ይንቀሉ። ዝገቱ እንጨቱን በዙሪያው ስለሚያጠቁረው፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት ሁሉ ምስማር ሊኖርበት ይችላል ብለው ይነሡ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ባለ ማሽኑ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ረጃጅም ጣውላ ካላወጣሁ ብለው ግን አይጨነቁ። ከአሮጌ ምሰሶ የሚያዋጣው ወርዱ ከ6 እስከ 7፣ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፓርኬት ቁራጭ ማውጣት ነው። በዚህ መንገድ የተሰነጠቀውን፣ ጉጥ ያለበትንና ምስማር የበሳውን እያለፉ ከመሃል ጤነኛውን ብቻ ይወስዳሉ።


መልስ፦ «የግንባታ ባለሙያ»፣ ባሕር ዳር

ስለ እንጨቱ አመራረጥ ከቡሬ የተሰጠው መልስ በቂ በመሆኑ እኔ ስለ እርጥበት ብቻ ልጻፍ። የእንጨት ወለል በአገራችን የሚበላሸው እንጨቱ አሮጌ በመሆኑ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ሳይደርቅ በመነጠፉ ነው።

በደህና የአየር ሁኔታ ኮንክሪት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የአንድ ወር ያህል ማድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል ተብሎ ይገመታል። የእርስዎ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የሊሾውን ሳንጨምር አራት ወር ያህል ማለት ነው፤ የተሞላው ክረምት ላይ ስለሆነና ደብረ ማርቆስም ደጋ ስለሆነች ከዚያ በላይ ቢቆይ አይገርምም። ላዩ ነጥቶ ደረቅ መምሰሉ አያታልልዎ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ በሊሾው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ ይለጥፉና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ሲገልጡት ከላስቲኩ በታች ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ጠቁሮ ከታየ እርጥበቱ ገና እየወጣ ነው። ይህን ሙከራ በቤቱ መሃልም በውጭው ግድግዳ ጥግም ያድርጉት፤ ጥጉ ላይ ብቻ ከረጠበ ጣሪያው የሚያፈሰው ውኃ መሠረቱን እያጠጣው ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ የሚሠራው የውጪው ቦይ ነው።

አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎ ነበር? ካልተነጠፈ የመሬቱ እርጥበት በየክረምቱ ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም። እንዲህ ከሆነ ፓርኬቱን በቀጥታ በሊሾው ላይ ማጣበቅ አልመክርም፤ ወይ እርጥበት የሚከላከል ቅብ አስቀድሞ መቀባት፣ ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ አንጥፎ በላዩ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ድጋፍ እንጨት) ደርድሮ ጣውላውን በሞራሌው ላይ መምታት ይሻላል። ላስቲኩ ደህና ተነጥፎ ከነበረና ሙከራው ደረቅ ከሆነ ግን ማጣበቁ ይቀላል። ማጣበቂያው ለፓርኬት ተብሎ የተሠራ ይሁን። አናጺዎች ለበርና ለመስኮት የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ እንጨቱን ከሥሩ ያሳብጠዋል፤ ሊሾው ትንሽ እርጥበት ካለው ደግሞ ጨርሶ ይለቃል።

እንጨቱም የራሱ እርጥበት አለው። ያረጀ ስለሆነ ደርቋል ማለት አይቻልም፤ እንጨት ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ከአየሩ ጋር እርጥበት ይለዋወጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት 50 ከመቶ ሲሆን የእንጨቱ እርጥበት ወደ 9 ከመቶ ይጠጋል፤ አየሩ 80 ከመቶ ሲደርስ እንጨቱ ወደ 16 ይወጣል። እንጨት በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠውና የሚሟሽሸው በወርዱ ነው። እርጥበቱ በ1 ከመቶ በተለወጠ ቁጥር ወርዱ በግምት በሩብ ከመቶ ይለወጣል ብለን ብናሰላ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ በበጋና በክረምት መካከል እርጥበቱ 5 ከመቶ ሲለዋወጥ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን የዚህን ግማሽ ብቻ ነው። የአያቶቻችንን ሰፋፊ ሳንቃዎች እንዳሉ መንጠፍ ዓይን ቢማርክም፣ ክረምቱ ከባድ በጋውም ደረቅ በሆነበት አገር የሚታይ ክፍተት ያመጣል፤ ጠበብ ያሉ ቁራጮች እንቅስቃሴውን ለብዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ስለሚያከፋፍሉት ዓይን ላይ አይወድቅም።

እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ካላገኙ በሚዛን ማወቅ ይቻላል። ከተላገው እንጨት መሃል ቁራጭ ወስደው ይመዝኑት፤ ከዚያ 103 ዲግሪ በሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁትና እንደገና ይመዝኑት። 230 ግራም የነበረው 200 ግራም ከሆነ፣ የቀነሰው 30 ግራም ለደረቁ 200 ሲካፈል እርጥበቱ 15 ከመቶ ነበር ማለት ነው። ለእርስዎ ከ10 እስከ 12 ያለው ይስማማል። በመጋዝ የተሰነጠቀውን እንጨት ወለሉ የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ በቀጫጭን እንጨት እየለያዩ ደርድረው መስኮቱን እየከፈቱ ያቆዩት፤ በጥር ወይም በየካቲት ሲነጠፍ ክረምት እንደሚያብጥ አስበው በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉለት። ክፍተቱን በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ ይሸፍነዋል።

ስለ ነቀዙ፦ ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት አይደለም። እንጨቱን በጥቁር ላስቲክ ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ፤ እንደ ዱቄት የላመ አዲስ ብናኝ ከወደቀ ነቀዙ እየሠራ ነው። ለዓለም አቀፍ ንግድ የሚውል የእንጨት ማሸጊያ ከተባይ ነጻ የሚደረገው የመሃል ሙቀቱ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ በማድረግ ነው፤ የእንጨት ማድረቂያ ያለው ድርጅት ካገኙ ይህንኑ ያስደርጉ። ካላገኙ ቫርኒሽ ያልነካውን ደረቅ እንጨት በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ መቀባት ይጠቅማል። ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ጋዝ የማፍሰስ ልማድ ግን ከጥቅሙ የእሳት አደጋው ይበልጣል።

የበሮቹ አረንጓዴ ቀለም በደረቁ በማሽንም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፋቅ። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ዘይት ቀለም ብዙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙም በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። በዚሁ አጋጣሚ፣ እንጨቱ አልበቃ ቢልዎ የወደቀ የመብራት ወይም የስልክ ምሰሶ ገዝተው አይጨምሩበት። እነዚያ በክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ባለበት ጨው የታከሙ ስለሆኑ ለቤት ውስጥም ለማገዶም አይሆኑም።


መልስ፦ «የቡና ቤት ሳይሆን የቤት ቡና»፣ ዳንግላ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የእንጨት ወለል ባለው ቤት ውስጥ የምኖር የቤት እመቤት ነኝ። ስለ ጥራቱ ወንድሞቼ ብዙ ስለጻፉ፣ እኔ ከተነጠፈ በኋላ ስላለው ኑሮ ልጨምር።

ለበዓል ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ቄጤማው ደግሞ ከነውኃው ነው የሚመጣው። ማታውኑ ካልተጠረገ በማግሥቱ ቫርኒሹ ነጥቶ፣ ውኃው ከገባበት ደግሞ እንጨቱ ጠቁሮ ይገኛል። እኛ ቤት ቄጤማው አስቀድሞ ውጪ ተዘርግቶ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ የሚጎዘጎዘውም ረከቦቱ ዙሪያ ባለው ሰሌን ላይ ብቻ ነው። የቡናው ምድጃ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሴራሚክ ቁራጭ ያስፈልገዋል። ዕጣን ላይ ሲጨመር ፍም ተፈናጥሮ የሚያሳርፈው ጥቁር ነጥብ ከቶ አይለቅም፤ የእኛን ወለል ያየ ሰው ቡና የት እንደሚፈላ ሳይነገረው ያውቃል።

ውኃ አፍስሶ በመጥረጊያ መግፋትም ይቀራል። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል። ቤት የምትጠርገው ልጅ ይህን ካልለመደች ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቁራጮቹ ከዳር ይነሣሉ።

እናትዎ ያሉትን ደግሞ እንዲሁ አይለፉት። የቁንጫ ዕጭ የሚያድገው አቧራ በሚጠራቀምበት ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ አይጥም ከሞራሌ በላይ በተመታ ወለል ሥር ባዶ ቦታ ካገኘ ይሰፍርበታል። ተጣብቆ ከሥሩ ባዶ የማይተውና ክፍተቱ በሰጋቱራና በማጣበቂያ የተደፈነ ፓርኬት ከሆነ ግን ሁለቱም መግቢያ የላቸውም። ይህን ያስረዷቸው፤ ሳሎኑን በእንጨት፣ ኩሽናውንና መታጠቢያ ቤቱን በሴራሚክ ቢያደርጉ ደግሞ የእርሳቸውም ሐሳብ ተጠበቀ ማለት ነው።


«የቢቸና ልጅ»፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠራተኞቹን ጠይቄ ከኮንክሪቱ ሥር ላስቲክ መነጠፉን አረጋግጠውልኛል፤ ስለዚህ የላስቲኩን ሙከራ ታኅሣሥ ላይ አድርጌ ደረቅ ከሆነ በፓርኬት መልክ ለማጣበቅ ወስኛለሁ። ምሰሶዎቹንም አስቆጥሬ ለሳሎኑ የሚበቃ ያህል ጤነኛ ጽድ አግኝቻለሁ፤ ዋንዛው ለጠረጴዛ ይቀመጣል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እንጨቱን በአይሱዙ ከቢቸና ወደ ማርቆስ ሳመጣ ኬላ ላይ ጥያቄ ይነሣብኝ ይሆን? ሌላው የበሮቹ ከፍታ ነው፤ ፍሬሞቹ የተተከሉት በሊሾው ልክ ስለሆነ ወለሉ ከፍ ሲል መዝጊያዎቹ እንዳይነኩ እሰጋለሁ። ከላይስ በምን ይቀባል?


መልስ፦ «ከግብርና ጡረታ የወጣ»፣ ደብረ ኤልያስ

ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም፤ ትክክልም ነው። ጽድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስም ተጠቅሰው ተከልክለው ነበር፤ የደን ውጤትን ከቦታ ቦታ ማጓጓዝም ፈቃድ ይጠይቃል። የኬላው ሰው ከጭቃ የወጣውን ምሰሶ ከአዲስ ከተቆረጠው ቢለይም እንኳ ወረቀት የሌለውን ጭነት የማሳለፍ ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡት። የቀበሌው አስተዳደር እንጨቱ በእገሌ ይዞታ ላይ ከነበረ ቤት የሚወጣ መሆኑን፣ ዓይነቱንና ብዛቱን ጠቅሶ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ፤ በዚያ ደብዳቤ ከወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የማጓጓዣ ፈቃዱን ይጠይቁ። ወራሾቹ ከአንድ በላይ ስለሆኑ የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ቢያያዝ መልካም ነው። እንጨቱን እዚያው አሰንጥቀው ከማምጣት ጥቀርሻውና የአሮጌ ምስማሩ ቀዳዳ እንደታየበት ማጓጓዙ ደግሞ ለአስረጂነት ይረዳል።


መልስ፦ «አናጺ»፣ ቡሬ

በአዋጁ ላይ የምጨምረው የለኝም። ምስማሩን ግን ነቅለው ይምጡ፤ ቀዳዳው ይበቃል።

ከላይ የሚቀባውን በተመለከተ፣ ጽድ ቅባትነት ያለው እንጨት ስለሆነ አንዳንዱ ቫርኒሽ በላዩ ቶሎ አይደርቅም፤ ሙሉ ወለሉን ከመቀባትዎ በፊት በትርፍ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ለወለል ተብሎ የተሠራ ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እየተፈተገ ቢቀባ መረገጥን ይችላል። የተልባ ዘይት የሚመርጡም አሉ፤ መልኩ ያምራል፣ ሲያረጅም ያንኑ ቦታ ብቻ ማደስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ዘይቱን ያሹበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ደግሞ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

በሮቹ ብዙ አያስቸግሩም። የፓርኬቱ ውፍረት ከነማጣበቂያው ከ2 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይዘልም፤ መዝጊያው የእንጨት ከሆነ ተነቅሎ ከሥሩ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ የብረት ከሆነ ግን ብየዳ ስለሚፈልግ ወለሉ ሳይነጠፍ በፊት ያስቆርጡት፤ የብየዳ ፍንጣሪ ቫርኒሽ ላይ ሲያርፍ ያቃጥለዋልና። የኩሽናው ሴራሚክ ገና ካልተነጠፈ ለአንጣፊው የፓርኬቱን ቁራጭ በእጁ ይስጡት፤ በዚያው ልክ ሲሚንቶውን ከፍ አድርጎ ይነጥፈውና ሁለቱ ክፍሎች ያለ ደፍ ይገናኛሉ።